የተጣበቀ ሞተር ምን ይመሰክራል?
የአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል እድሳትና ፊዚክሱ

አንድ ማሽን ሲበላሽ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «እንዴት ይጠገን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ለምን ተበላሸ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ስለሚያስቸኩለን ሁለተኛውን እንዘነጋዋለን። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጠገነ ማሽን በዚያው ምክንያት ተመልሶ መበላሸቱ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ በጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋጨፌ አልፎ በጌዴብ አካባቢ በምትገኘው በወርቃ፣ ለአሥራ አንድ ዓመታት ቆሞ የነበረን አንድ ሞተር ሳይክል ስናድስ ያየነውን መነሻ በማድረግ፣ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው የሙቀት መስፋፋት፣ የግፊትና የመለካት ትምህርቶች በአንድ ትንሽ ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ለማሳየት ይሞክራል።

ሞተር ሳይክሏ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ባለቤቷ አጎቴ ናቸው። በቡና ልማት ባለሙያነት ሲሠሩ ከቡናና ከእንሰት ማሳ ወደ ማሳ የሚመላለሱት በእርሷ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባቸውን ከኋላ አፈናጥጠው ረጅሙን ዳገት ጨርሰው ሜዳው ላይ ጋዝ ሲጨምሩ፣ ሞተሩ በድንገት ተጣብቆ ቆመ። የኋላ ጎማው ስለተቆለፈ ሁለቱም ወደቁ፤ የባልደረባቸውም የትከሻ አጥንት ተሰበረ። በዚያን ቀን ጠዋት ቤንዚን የቀዱት አጎቴ ነበሩና «ዘይቱን ሳልቀላቅል ቀርቼ መሆን አለበት» ሲሉ ራሳቸውን ኮነኑ። ሞተር ሳይክሏን በቡና መጋዘን ጥግ አቁመው ከዚያ በኋላ አልነኳትም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እንድናድሳት ስጠይቃቸው «ብትነሣም ባትነሣም ለእኔ ለውጥ የለውም፤ የዚያን ቀኑን ነገር ግን ባውቀው ደስ ይለኛል» አሉኝ። ስለዚህ እኔና ሁለት ተማሪዎቼ ከጥገናው በፊት የምርመራ ሥራ ተሰጠን ማለት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዴት ይሠራል?

የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ባለ አራት ምት ሞተር አላቸው። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑ አራት ጊዜ ሲመላለስ ነዳጅ አንድ ጊዜ ይቃጠላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን በእያንዳንዱ የክራንክሻፍት ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። ከፒስተኑ በታች ያለውን የክራንክ ቤት እንደ ፓምፕ የመጠቀሙን ዘዴ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ1891 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ። ጀርመን ሠራሹ ዲካቬ አርቲ 125 ይህን ዓይነት ሞተር በቀላል ሞተር ሳይክል ላይ በማዋል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ አገሮች ተቀድቷል። ያማሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉ ዋይኤ 1 የዚሁ ዝርያ ነበር። ዲቲ 125 ደግሞ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥርጊያ መንገድ ተብለው ከተሠሩት አንዷ ናት።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በክራንክ ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመግቢያው ላይ ያሉት ስስ የብረት ምላሶች ተከፍተው የአየር፣ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ ከካርቡራተሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ፒስተኑ ሲወርድ ምላሶቹ ይዘጋሉ፤ ድብልቁም ታምቆ በሲሊንደሩ ግድግዳ ባሉት መተላለፊያዎች በኩል ወደ ላይ ይገፋል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን የክራንክ ቤቱ አየር የማያስገባ ሆኖ መታተም እንዳለበት ነው። ክራንክሻፍቱ በግራና በቀኝ በሚወጣበት ቦታ ላይ ይህን የሚያደርጉት ኦይል ሲል የሚባሉት የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው።

የሲሊንደሩ ዲያሜትር 56 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ይዘቱ 3.14 × (2.8)² × 5.0 ≈ 123 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 116 ጊዜ ያህል ያቃጥላል፤ የፒስተኑም አማካይ ፍጥነት 2 × 0.05 × 116.7 ≈ 11.7 ሜትር በሴኮንድ ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን በዚህ ፍጥነት ሁሉ እንዳይቋረጥ ይፈለጋል።

ከመፍታት በፊት መመዝገብ

መጀመሪያ ያደረግነው ካንዴላውን ፈትቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። የካንዴላው ጫፍ እንደ ቀኑ ቡናማ መሆን ሲገባው ነጭና አመዳም ሆኖ አገኘነው። ይህ ከመጠን በላይ የሞቀ ካንዴላ መልክ ነው። ቀጥለን ቴስታታውን አነሣን፤ የፒስተኑ ራስ በማርሚታው መውጫ በኩል ጠርዙ ተበልቶ ነበር።

ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዟል። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው በእንጨትና በመዶሻ መምታት ማስረጃውንም ቢዬላውንም ያበላሻል። ስለዚህ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅለን በላዩ አፍስሰን አምስት ቀን አቆየነው። ከዚያም ሲሊንደሩን ከውጭ በፍጥነት አሞቅነው። በፍጥነት ያልንበት ምክንያት አለው። የአሉሚኒየም ፒስተን ከብረት ሲሊንደር ይልቅ በሙቀት ይበልጥ ይሰፋል፤ ሁለቱ እኩል እስኪሞቁ ከተጠበቀ መያዣው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ሲሊንደሩ ብቻ ሲሞቅ ግን ፒስተኑ ገና ቀዝቃዛ ነውና ክፍተት ይፈጠራል። ከሁለት ሙከራ በኋላ ፒስተኑ ወጣ።

ማስረጃው ምን ይላል?

ለመጣበቁ ሁለት መላ ምቶች ነበሩን። የመጀመሪያው የአጎቴ ነው፦ ቤንዚኑ ዘይት አልነበረውም። ሁለተኛው ደግሞ ድብልቁ ቤንዚን አንሶት ሞተሩን ከልክ በላይ አሙቆታል የሚል ነው። ሁለቱም በመጨረሻ ፒስተኑን ያጣብቃሉ፤ የሚተዉት ምልክት ግን ይለያያል።

ዘይት ሲጠፋ ጭረቱ በፒስተኑ ዙሪያ ሁሉ ይታያል፤ በቢዬላው ታችኛ ጫፍ ያለው ኩሽኔታም ደርቆ፣ በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ይዞ ይገኛል። በእኛ ፒስተን ላይ ግን ጭረቱ በአብዛኛው በማርሚታው በኩል፣ ማለትም በጣም በሚሞቀው ወገን ነበር። የቢዬላው ኩሽኔታ ሲዞር ለስላሳ ነው፤ ቀለሙ አልተለወጠም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም እንኳ ቅባት ነበረው። እነዚህ ምልክቶች ወደ ሁለተኛው መላ ምት ያዘነብላሉ።

ይሁንና ቤንዚኑ ለምን አነሰ? እዚህ ላይ የከፍታ ቦታ ጉዳይ ይነሣል። ወርቃ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 0.82 እጅ ያህል ነው። በካርቡራተር ውስጥ የሚያልፈው የአየር ክብደት ከእፍጋቱ ጋር በቀጥታ ይቀንሳል። የሚሳበው ቤንዚን ግን ከግፊት ልዩነቱ ካሬ ሥር፣ ማለትም ከእፍጋቱ ካሬ ሥር ጋር ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የቤንዚን ለአየር ንጽጽር በ1 ÷ √0.82 ≈ 1.10 ይባዛል። በሌላ አነጋገር ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በወርቃ 10 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ከፍታው ድብልቁን ያወፍረዋል እንጂ አያቀጥነውም። ካርቡራተሩን ስንፈትሽም ቀዳዳዎቹ አልተዘጉም ነበር። እንግዲያው ትርፍ አየር ከሌላ ቦታ መግባት አለበት።

በደም ግፊት መለኪያ የተደረገ ሙከራ

የክራንክ ቤቱን መታተም ለመፈተሽ የመግቢያውንና የማርሚታውን ቀዳዳዎች በከመነዳሪ ጎማና በብረት ቁራጭ ደፈንን። አየር ለመንፋት የተጠቀምንበት ከተውሶ የተገኘ የደም ግፊት መለኪያ ነው። ይህ መሣሪያ የሚለካው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ 250 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 250 ÷ 760 × 101.3 ≈ 33 ኪሎ ፓስካል ነው። የታተመ ሞተር ይህን ግፊት ለበርካታ ደቂቃዎች ይይዛል። የእኛው ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከ250 ወደ 100 ወረደ። የሳሙና ውኃ ስንቀባ አረፋው የወጣው በማግኔቶው በኩል ካለው ኦይል ሲል ነበር።

በዚህ ጊዜ በጣም ተደስቼ «ይኸው መልሱ ተገኘ!» አልኩ። አንደኛዋ ተማሪዬ ግን «መምህር፣ ላስቲኩ በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ደርቆ ቢሆንስ? ዛሬ ያፈሰሰ ያን ጊዜም ያፈስ እንደነበር በምን እናውቃለን?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የዛሬ መለኪያ የዛሬን ሁኔታ ብቻ ይናገራል። አደጋው በደረሰበት ቀን የነበረውን የሚያሳይ፣ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ሊፈጠር የማይችል ምልክት ያስፈልገን ነበር።

ያንን ምልክት ያገኘነው ኦይል ሲሉን ስናወጣ ነው። የላስቲኩ ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ፣ በክራንክሻፍቱ ላይ ዙሪያውን የተቦረቦረ፣ በጥፍር የሚታወቅ መስመር ነበር። የሚቦረቡረው በከንፈሩ ሥር የሚጠመድ አቧራ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የሚሆነው ዘንጉ ሲሽከረከር ብቻ ነው። የቆመ ዘንግ ሊዝግ ይችላል፤ ዙሪያውን እኩል አይቦረቦርም። ከዚህም በላይ ከኦይል ሲሉ ወደ ውስጥ የሚያመራ፣ ከዘይት ጋር ተጋግሮ የቀረ የቀይ አፈር ዱካ አየን። አፈሩን ወደ ውስጥ የሚስበው የሚሠራ ሞተር ነው።

ከዚያም አጎቴን ከአደጋው በፊት በሞተሩ ላይ ያስተዋሉት ለውጥ እንደነበረ ጠየቅኋቸው፤ ምን እንዳገኘን ግን አልነገርኳቸውም። «ጋዙን ስለቀው ሞተሩ ቶሎ አይወርድልኝም ነበር፤ ቆሜ ሳለሁም ድምፁ ብቻውን ይጨምራል» አሉ። ይህ የአየር መግቢያ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር የታወቀ ጠባይ ነው። በካርቡራተሩ በኩል የተዘጋው አየር በሌላ በር ይገባልና ነው።

የአየር መግባቱ ጉዳት በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የአየር ለቤንዚን ንጽጽር በክብደት 13 ለ1 ቢሆንና 15 በመቶ ተጨማሪ አየር ቢገባ፣ 13 × 1.15 ≈ 15 ለ1 ይሆናል። ሲተንን ሞተሩን ያቀዘቅዝ የነበረው ትርፍ ቤንዚን ይቀራል። ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ በትክክል የተቀላቀለ ቢሆን እንኳ ለሥራው የሚደርሰው መጠን አነስተኛ ይሆናል። ሁለት ሰው ጭኖ ረጅም ዳገት የወጣ ሞተር በዚህ ሁኔታ ላይ ጋዝ ሲጨመርለት ፒስተኑ መጣበቁ የሚያስገርም አይደለም።

ሲሊንደሩን ማስፋት፦ የመቶኛ ሚሊሜትር ሥራ

የተጫረ ሲሊንደር ውስጡ በማሽን ይሰፋና ወፈር ያለ ፒስተን ይገጠምለታል። ለዚህ ሞተር ትርፍ ፒስተኖች በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ ይዘጋጃሉ፦ 56.25፣ 56.50፣ 56.75 እና 57.00። የትኛው ይመረጥ? ሲሊንደሩን በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታውም በሁለት አቅጣጫ ለካነው፤ ጭረት በሌለበት ቦታ ትልቁ ንባብ 56.06 ነበር። ጥልቁ ጭረት ደግሞ 0.10 ሚሊሜትር ይገባል። ጭረቱን ለማጥፋት ዲያሜትሩ በሁለቱም ወገን ስለሚሰፋ 56.06 + 2 × 0.10 = 56.26 ያስፈልጋል። ይህ ከ56.25 በመቶኛ ሚሊሜትር ስለሚበልጥ 56.50ውን መረጥን። በዚህም ይዘቱ ከ123 ወደ 125 ሴንቲሜትር ኩብ ከፍ አለ።

በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ዲያሜትሩ 56.5 ሚሊሜትር የሆነ ነገር በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣

አሉሚኒየም ፒስተን፦ 56.5 × 0.000020 × 100 ≈ 0.11 ሚሊሜትር፣
የብረት ሲሊንደር፦ 56.5 × 0.000011 × 100 ≈ 0.06 ሚሊሜትር

ይሰፋል። ልዩነቱ 0.05 ሚሊሜትር ነው። ሲሊንደሩ የአሉሚኒየም ልባስ ስላለው ከዚህ ስሌት ጥቂት ይበልጥ ይሰፋል። ለዚህ ዓይነት ሞተር 0.05 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ከጠበበ ፒስተኑ ይያዛል፤ ከዚህ በጣም ከሰፋ ደግሞ ፒስተኑ እያንኳኳ ያልቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ሲሊንደሩን አስፍተው እንደጨረሱ ማይክሮሜትሬን ይዤ ቀረብኩና ለካሁ፤ «ክፍተቱ 0.05 ደርሷል፣ ይበቃል» አልኩ። ባለሙያው ግን እጃቸውን በሲሊንደሩ ላይ አሳርፈው «ዶክተር፣ ይቀዝቅዝና እንየው» አሉኝ። ሻይ ጠጥተን ተመልሰን ስንለካ ክፍተቱ 0.03 ብቻ ነበር! ማሽኑ ሲሊንደሩን ከክፍሉ ሙቀት በ30 ዲግሪ ያህል አሙቆት ስለነበር 56.5 × 0.000011 × 30 ≈ 0.02 ሚሊሜትር ሰፍቶ ነው የለካሁት። ቀመሩን ለተማሪዎች በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ያስታወሱት ግን እርሳቸው ናቸው። በዚያ ልክ ገጥመነው ቢሆን ኖሮ ያው አደጋ በእኛ እጅ ይደገም ነበር።

ፋሻዎቹም የራሳቸው ስሌት አላቸው። የፋሻው ዙሪያ 3.14 × 56.5 ≈ 177 ሚሊሜትር ነው። ከሲሊንደሩ በ80 ዲግሪ ቢበልጥ 177 × 0.000011 × 80 ≈ 0.16 ሚሊሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ጫፎቹ እንዳይጋጩ 0.25 ሚሊሜትር ተውን። በባለ ሁለት ምት ሞተር ፋሻው እንዳይዞርና ጫፉ በመተላለፊያ ቀዳዳዎች እንዳይያዝ በፒስተኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ የፋሻው ጫፎች በእርሷ ግራና ቀኝ መግባት አለባቸው። በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ማርሚታው ይዞራል።

ሁለቱንም ኦይል ሲሎች ቀየርን። በተቦረቦረው ዘንግ በኩል ያለውን አዲሱን ኦይል ሲል ከቀድሞው ቦታ አንድ ሚሊሜትር ያህል አራቅ አድርገን ስለገጠምነው ከንፈሩ ባልተጎዳ ብረት ላይ አረፈ። የግፊቱን ሙከራ ስንደግመው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ250 ወደ 245 ብቻ ወረደ። ይህ ሙከራ ባይደረግና ፒስተን ብቻ ቢቀየር ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የሞተሩ መነሣትና የአጎቴ ጥያቄ

በአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊሊትር ዘይት፣ ማለትም 20 ለ1፣ ቀላቅለን ቀዳን። በሰባተኛው የእግር ምት ሞተሩ ተነሣ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አሠርተን አጠፋነው፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ደግመን አስነሣነው። ጋዙ ሲለቀቅ ድምፁ ወዲያው ይወርዳል።

አጎቴ ሞተሩ ሲነሣ ቆመው ሰሙ እንጂ ለመንዳት አልጠየቁም። የጠየቁት አሮጌውን ፒስተን ነበር። አገላብጠው ካዩት በኋላ «እንግዲህ ዘይቱን ቀላቅዬ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ጠዋት ምን እንዳደረጉ ሞተሩ አያውቅም። ነገር ግን ዘይት ያጣ ሞተር የሚተወው ምልክት እዚህ የለም፤ አየር የገባበት ሞተር የሚተወው ግን በአራት ቦታ አለ» ስል መለስኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና ፒስተኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። በማግሥቱ ወደ ቀድሞ ባልደረባቸው ቤት እንደሚሄዱና እርሱንም ይዘውት እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

ለተማሪዎቼ ግን ከዚህ የተረፈን ትምህርት አጭር ነው፦ ከመፍታት በፊት መመዝገብ፣ አንድ ምልክት ሁለት ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ፣ ከመለካት በፊት የሚለካውን ነገር ሙቀት ማወቅ፣ እንዲሁም እጁ የለመደን ባለሙያ ማዳመጥ።

የማሰላሰያ ጥያቄዎች

1. ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ የአየር እፍጋቱ በባሕር ወለል ካለው 0.86 እጅ ነው ቢባል፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በዲላ ስንት በመቶ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል?

2. ለወርቃ ከፍታ በትክክል የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ቢወርድ ድብልቁ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል? ነጂው ምን ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

3. ሲሊንደሩም ፒስተኑም ከአንድ ዓይነት አሉሚኒየም ቢሠሩ፣ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ዜሮ መሆን ይችላልን? ለምን?

4. በቀኝ በኩል ያለው ኦይል ሲል የክራንክ ቤቱን ከማርሽ ቤቱ ዘይት ይለያል። እርሱ ቢያፈስ ሞተሩ በግራው ከታየው የተለየ ምን ምልክት ያሳያል?